የግራው ፍሬን

ውድ ትሕትና፣

እንዴት ነሽ ብዬ ልጀምር ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅሽ ኖሬ ዛሬ በወረቀት መጠየቁ አሳፈረኝና ተውኩት። ስልክሽን ቀይረሻል። ጅማ የምትሠሪበትን መድኃኒት ቤት አድራሻ ያገኘሁት ጓደኛሽን ናዝሬትን ሦስት ጊዜ መሥሪያ ቤቷ ድረስ ሄጄ ለምኜ ነው። "ደግሞ ምን ልታደርጓት ነው?" አለችኝ። የምነግራት እውነት አለኝ አልኳት። "ስድስት ዓመት የት ነበር እውነቱ?" ብላ ብዙ አየችኝ፤ ከዚያ አድራሻውን ጻፈችልኝ።

ነገሩ የጀመረው ከፋሲካ በኋላ ነው። ነጯ ኮሮላ ከፖሊስ ግቢ ተለቅቃ ከመጣች ጀምሮ እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኛ ብሎክ ጀርባ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ቆማ ቀርታለች። ጎማዎቿ ተንፍሰዋል፣ ድመት ሦስት ጊዜ ወልዳባታለች፣ ልጆች አቧራዋ ላይ ስማቸውን ይጽፋሉ። አባባ አልሸጣትም፤ ልግዛ ብሎ የመጣውን ሁሉ በር ላይ ነው የመለሰው። ዘንድሮ የግቢው ኮሚቴ በአንድ ወር ውስጥ ካላነሳችኋት እኛ እናስነሳታለን የሚል ደብዳቤ ጻፈልን። አንድ እሑድ ጎረቤት ተሰብስቦ ሊገፋት ሞከረ። የኋላ ጎማዎቹ ዞሩ፤ የፊቶቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ስድስት ክረምት ዘንቦባቸው የፍሬን ዲስኮቹ ከሚነክሳቸው ሸራ ጋር ዝገው አንድ ብረት ሆነዋል።

"ከነጎማዋ ትጎተት" አለ አባባ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ። "የፊት ጎማ ማንም እንዳይፈታ። ሥሩ በስብሷል፣ ሰው ላይ ትወድቃለች።"

አባባ አሁን በደንብ አያይም። የዓይን ግፊት ነው ብለውታል፤ የሰው ጥላ ይለያል እንጂ ፊት አይለይም። ጋራዡንም ከዘጋ አራት ዓመት ሆነው። ቢሆንም ከጠመንጃ ያዥ እስከ ጌጃ ሰፈር ዛሬም "በድሉ ፍሬኑ" ነው የሚባለው። ታክሲ ነጂ ሁሉ ፍሬኑ ሲላላ መጀመሪያ የሚጠራው ስም የእሱ ነበር። ስለዚህ ስለ ፍሬን ሲናገር እንደ ወንጌል ነው የምንሰማው። ያን ቀን ግን አልሰማሁትም። መኪናዋ እንደ አደጋው ቀን በሰው ፊት እየተጎተተች ከግቢ ስትወጣ ማየት አልፈለግሁም። በራሷ ጎማ ትውጣና ትሂድልኝ አልኩ። ደግሞ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ዕድሜዬን ሙሉ "የአንተ እጅ ለእስክሪብቶ ነው" እያለ መፍቻ እንዳልይዝ የከለከለኝ ሰው ፊት አንድ ጎማ ልፈታ አማረኝ። ጋራዥ ውስጥ ስትውዪ ያደግሽው አንቺ ነሽ። ለአባባ ቁልፍ በቁጥሩ የምታቀብዪው አንቺ፣ ከውጭ ቆሜ የምጠብቀው እኔ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ቀኙን ጀመርኩ። በክሪክ አነሳኋት፣ ከሥሯ ድንጋይ ደረደርኩ፣ ጎማውን ፈታሁ። ሸራውን የሚይዘውን ካሊፐር ለመፍታት ብቻ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየሁ። ዲስኩ ግን ከተቀመጠበት አልወጣ አለ። በነጭ ጋዝ አራስኩት፣ በመዶሻ ደበደብኩት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኩት። እጄ ውኃ ቋጠረ። አባባ በረንዳው ላይ ሆኖ ምቱን ያዳምጣል፤ አንድ ቃል አይተነፍስም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰው መዶሻ በተሳሳተ ቦታ ሲመታ ዝም ማለት የሚችል ሰው አይደለም።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ ጠመንጃ ያዥ ሪሀና ጋ ሄድኩ። ሪሀና የመኪና ዕቃ መሸጫ አላት፤ ከአባቷ ነው የወረሰችው። ስነግራት ሳቀች።

"የበድሉ ፍሬኑ ልጅ ይሄን አታውቅም?" አለችኝ። "ዲስኩ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ ውስጣቸው ጥርስ አለው። ዝገቱን በሚስማር ጥረግና ሁለት ብሎን አስገባባቸው። አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ እያፈራረቅክ አጥብቅ። ብሎኖቹ ራሳቸው ከኋላ ይገፉልሃል። መደብደቡን ተው።"

ብሎኖቹን ሰጠችኝ፤ አዲስ ሁለት ዲስክና ሸራም ገዛሁ። በሁለተኛው ቅዳሜ እንዳለችኝ አደረግኩ። ሩብ ዙር እዚህ፣ ሩብ ዙር እዚያ። ለብዙ ደቂቃ ምንም የለም፤ ከዚያ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማና ዲስኩ ተላቆ ወጣ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም። አንስቼ ለአባባ አሳየሁት፤ እንደማያየው ረስቼ። ቀኙ ዲስክ ሸራ የበላው ነው፤ ጠርዙ ላይ ከንፈር አውጥቷል። ሸራውም አልቆ ብረቱ ሊነካ ምንም አልቀረውም።

"በቃ" አለ አባባ። "አንዱ ከዞረ ትጎተታለች። ግራውን ተወው።"

"አዲስ ዲስክ እኮ ሁለት ነው የገዛሁት።"

"ተወው አልኩህ፣ በዕውቀቱ።"

ድምፁ ተለወጠብኝ። ለመኪናዋ ሳስቶ መስሎኝ ነበር፤ እውነት እልሻለሁ፣ አሳዘነኝ። እሱ የሚወዳትን ነገር እኔ በማይረባ እጄ ስፈታት የከፋው መሰለኝና ለዚያን ቀን አቆምኩ።

ግራውን በሦስተኛው ቅዳሜ፣ እሱ ቤተክርስቲያን ሄዶ ሳለ ፈታሁት። ያኛው ከቀኙ ይብሳል። ዝገቱ እንደ ቅርፊት ተደራርቦ ነው የተነሳው። ብሎኖቹም አልበቁት፤ አንዱ ተሰበረብኝ፣ ሌላ አስገባሁ። ሲወጣ ግን ገረመኝ። ዲስኩ ከዝገቱ ሥር ምንም አልተበላም። ሸራውም ወፍራም ነው፣ አዲስ ሊባል የሚችል። አንዱ አልቆ ሌላው እንዴት አዲስ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ግን የማላውቀው ሙያ ስለሆነ አለፍኩት። አዲሶቹን ገጠምኩ። የፍሬን ዘይት ሞላሁ። አሁን የቀረው አንድ ሰው ፔዳሉን እየረገጠልኝ አየሩን ከቧንቧው ማስወጣት ነው።

አባባ ያኔ ተመልሶ ነበር። "ና እስቲ ፔዳሉን እርገጥልኝ" አልኩት።

"ዓይኔ አያይም።"

"ፔዳል ለመርገጥ ዓይን ምን ያደርጋል?"

ተነሳና በዱላው ግድግዳውን እየነካ ወደ ቤት ገባ። የግቢውን ዘበኛ ዋቅሹማን ጠርቼ አስረገጥኩት። በቀኙ በኩል አየሩ ወጣ፣ ዘይቱም ተከተለ። በግራው በኩል ምንም። ዋቅሹማ ደጋግሞ ረገጠ፤ አንዲት ጠብታ አልመጣችም። የብረቱ ቧንቧ ከላስቲኩ ቱቦ ጋር የሚገናኝበትን ፈታሁት። አንድ ነገር ዱብ ብሎ መዳፌ ላይ ወደቀ። የኩሽኔታ ብይ ነው፤ ከሽምብራ ያነሰች፣ ዝገት ያልነካት፣ የምታብረቀርቅ ብረት።

ብይዋንና የሁለቱን ጎማ አሮጌ ሸራ በፌስታል ይዤ ያኔውኑ ሪሀና ጋ ሄድኩ። ሱቋ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እስኪወጡ ጠበቀችና በሩን ገርበብ አደረገችው።

"ይሄ መድፈኛ ነው" አለችኝ። "ካሊፐር ዘይት ሲያፈስና ዕቃ ሲጠፋ እንዲህ ያደርጋሉ። የዚያኛውን ጎማ ፍሬን ዘግተው በቀሪው ይነዳሉ።"

"ሰው ሲነዳት ያውቃል?"

"ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ ቀስ ብለህ ስትሄድ ምንም አታውቅም። በድንገት ከረገጥክ ግን ቀኙ ብቻ ይነክሳል። መኪናው ወደ ቀኝ ይወስድሃል። መሪውን ከእጅህ ነው የሚነጥቀው።"

ትሕትና፣ ይህን ስትል የዕቃ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ሪሀና ውኃ አመጣችልኝ። እሷም ታስታውሳለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ያስታውሳል። ፍርድ ቤት ቆመሽ "ፍሬን ይዤ ነበር፣ ወደ ቀኝ ወሰደኝ፣ መሪው ከእጄ ወጣ" ያልሽውን ስንቱ እየደጋገመ ሲስቅበት ኖሯል።

ያን ሰኔ ቅዳሜ አንቺም እኔም አንረሳውም፤ ግን ሁለታችን አንድ ዓይነት ነገር አይደለም የምናስታውሰው፤ ቢያንስ እኔ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት ሌላ ነው። ጠዋት ዝናብ ነበር። እማማ ልደታ ቤተክርስቲያን ደጅ ቆማ ስልክ ደወለች። አባባ ቁልፉን ራሱ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠሽ፤ "ሂዱ አምጧት፣ መኪናዋ ደህና ናት" አለሽ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ ሁለት ወርሽ ነው። እኔ ጋቢና ካንቺ ጎን ተቀመጥኩ። ጌጃ ሰፈር ቁልቁለቱ ላይ ከፊታችን ያለው ታክሲ ሰው ሊያወርድ በድንገት ቆመ። ረገጥሽ። የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ታች ሲደፋ፣ ጎማው ሲጮኽ፣ ወደ ፊት ተወርውሬ ክንዴ ዳሽቦርዱን ሲመታ አስታውሳለሁ። ነዳጅ የረገጠ ሰው መኪና አፍንጫዋን አትደፋም። ጉልበትሽ እንደ ብረት ተወጥሮ ነበር፤ እግርሽ መሀል ላይ ያለው ፔዳል ላይ ነበር። አይቻለሁ። ከዚያ ወደ ቀኝ ወጣን፤ ወይዘሮ ፀዳለ ቃሪያና ቲማቲሟን ዘርግታ ጃንጥላ ሥር የተቀመጠችበት።

ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ አባባ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። "ደንግጣ ነዳጅ ረግጣ ነው፣ ጀማሪ ሁሉ እንዲህ ነው" አለኝ። "አንተም በድንጋጤ ያላየኸውን አይቻለሁ ብለህ ክርክሩን እንዳታረዝምባት። ጥፋቷን ካመነች ይቀልላታል።" እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ? በድሉ ፍሬኑ ነው የሚናገረው። መርማሪው "ፍሬን ይዛለች?" ሲለኝ "አላየሁም፣ ስልኬን እያየሁ ነበር" አልኩ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ፖሊሶቹ መኪናዋን ግቢው ውስጥ ትንሽ ነድተው ፔዳሉን ረግጠው ፍሬኗ ይይዛል ብለው ጻፉ። አባባ ደግሞ ፍርድ ቤት ቀርቦ በእጄ የማድሳት መኪና ናት፣ ፍሬኗ እንከን የለውም ብሎ መሰከረ። አንቺ አላምንም አልሽ። ጥፋቷን አልተቀበለችም፣ አልተጸጸተችም ተብሎ ስምንት ወር ተፈረደብሽ።

ስትወጪ ቤት መጥተሽ ምሳ ቀረበልሽ። አንድ ጊዜ እንደጎረስሽ አባባ "አሁን እንኳን እመኚና ይቅለልሽ" አለሽ። እጅሽን ታጥበሽ ተነሳሽ። በር ላይ ዞረሽ አየሽኝ፤ እሱን አይደለም፣ እኔን። ያን ጊዜ ሳህኔ ላይ አቀረቀርኩ። ስድስት ዓመት ከራሴ ጋር የተከራከርኩት ያችን ቅጽበት ለመርሳት ነው።

ከሪሀና ሱቅ በእግሬ ነው የተመለስኩት። አባባ በረንዳው ላይ ነበር። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፤ እጁን ይዤ ብይዋን መዳፉ ላይ አስቀመጥኳት። በአውራ ጣቱ አንከባለላት። አንዴ ብቻ ነው ያንከባለላት።

"ከየት አወጣሃት?"

"ካስቀመጥክበት።"

ከታች ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር። "ሳምንት ብቻ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ካሊፐሩ ያፈስ ነበር፣ ዕቃው ከገበያ ጠፋ። ስንቱን መኪና እንዲህ አድርጌ ሰድጃለሁ፤ አንዱም ሰው አልነካም።"

"ለምን ቁልፉን ሰጠሃት ታዲያ?"

"ዝናብ ነበር። እናትህ ዝናብ ላይ ቆማ ነበር። ረሳሁት።"

"መቼ ትዝ አለህ?"

ፊቱን ወደ ልጆቹ ድምፅ አዞረ። "ጣቢያው በር ላይ። 'ወደ ቀኝ ወሰደኝ' ስትል።"

ማለት አትዋሽ ብሎ ያሳደገኝ ሰው ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ሲወስደኝ ያውቅ ነበር። አንቺን ነዳጅ ረግጣ ነው ሲል ያውቅ ነበር። ለምን አልኩት። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ላይ ቤት ያሉት መስኮት ከፈቱ።

"ዕድሜዬን ሙሉ ያለኝ ያ ስም ነው" አለ። "በፍሬን ሰው ጎዳ ከተባልኩ ማን መኪናውን ይሰጠኛል? ቤቱ በምን ይበላል? እሷ ልጅ ናት፣ ዲግሪ አላት፣ ትረሳዋለች አልኩ። እኔ ብታሰር ሁላችሁም ትወድቁ ነበር። እሷ ብትታሰር እሷ ብቻ ናት።"

እንዲህ ነው ያለው፤ አንድም ቃል አልጨመርኩም። እሷ ብትታሰር እሷ ብቻ ናት።

ከዚያ ሳልጠይቀው ስለ እማማ ነገረኝ። ይህን ልጻፍልሽ ወይስ ልተወው እያልኩ ሁለት ቀን አሰብኩ፤ መብትሽ ነው። ልትሞት ሰሞን ነግሯታል። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች አለ። የመጨረሻዎቹን አሥራ አንድ ቀናት እሱን አንድ ቃል እንዳላናገረችው እኔ አይቻለሁ፤ ሕመሙ ነው ብለን ነበር። ለእኔ ግን ትናገር ነበር። "ትሕትናን ጥሩልኝ፣ የምነግራት አለኝ" እያለች ስትለምነኝ፣ አባባ "ትቃዣለች፣ ልጅቷን አታስቸግራት" አለኝ፤ እኔም አልደወልኩልሽም። ያኔ ስልክሽ ነበረኝ። የደወልኩት ካረፈች በኋላ ነው። ቀብር መጥተሽ ከሰው ኋላ ቆመሽ፣ ድንኳን ሳትገቢ ተመለስሽ። እናትሽ አምናሽ ነው የሞተችው፣ ትሕትና። ይህን ማወቅ ያለብሽ ከዛሬ ሁለት ዓመት በፊት ከራሷ አፍ ነበር፤ የቀማንሽ እኔና እሱ ነን።

ሰኞ ፈቃድ ወስጄ ወይዘሮ ፀዳለ ቤት ሄድኩ። ጌጃ ሰፈር ውስጥ ነው አሁንም፤ ከጉልበቷ በታች ግራ እግሯ የለም፣ በክራንች ነው የምትሄደው። ቤቷ በር ላይ ቆሎ ትሸጣለች። ማንነቴን ነግሬ ብይዋን አሳየኋት፤ የሆነውን ሁሉ ከሥር ከሥሩ አስረዳኋት።

"ጎማው ሲጮኽ ሰምቼ ነው ቀና ያልኩት" አለችኝ። "የልጅቷን ፊት አይቻለሁ። መሪውን በሁለት እጇ ወዲያ ስትስብ አይቻለሁ። እኔን ልትሸሽ ነበር።"

"ለምን አልተናገሩም ታዲያ፣ ወይዘሮ ፀዳለ?"

"ማን ጠየቀኝ? ሆስፒታል ተኝቼ ፍርድ አለቀ ተባለ።" ቆሎውን በጣቷ እያስተካከለች ቆየች። "አባትህ በየዓውደ ዓመቱ ዶሮ ይልካሉ። ለልጃቸው ጥፋት የሚክሱ መስሎኝ በየዓመቱ እግዜር ይስጥዎት ብዬ መርቄያለሁ። እንግዲህ ያን ምርቃት ማን ይመልስልኛል?"

ስወጣ ጠራችኝ። ለልጅቷ ስትጽፍ ፀዳለ ቂም የለባትም በልልኝ፣ መጀመሪያም አልነበረባትም በልልኝ አለች። ያመነችሽ ሰው ብትፈልጊ፣ አንዷ እናትሽ፣ ሌላዋ እግሯን ያጣችው ሴት ናቸው። እኛ አይደለንም።

ጠበቃ አማክሬያለሁ። አዲስ ማስረጃ ሲገኝ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል፣ መጠየቅ ያለባት ግን እሷው ናት አለኝ። መኪናዋን አላስነሳሁም፤ ለኮሚቴው ማስረጃ ናት ብዬ ጽፌ ፊርማቸውን ተቀብያለሁ። ብይዋ፣ ሁለቱ ዲስክ፣ አሮጌዎቹ ሸራዎች ታሽገው ጠበቃው ዘንድ ናቸው። ሪሀናና ዋቅሹማ ያዩትን ለመመስከር ፈቅደዋል። እኔም ያኔ ቃሌን ዋሽቼ እንደሰጠሁ ጽፌ ፈርሜያለሁ። በዚህ ቢከሱኝ እሄዳለሁ። ስምንት ወር ቢፈርዱብኝ ካንቺ እኩል እንኳን አይሆንም፤ እኔ ጥፋቴን እያወቅኩ ነው የምገባው። አንቺ ምንም አትፈልጊ ይሆናል። እዚያ ያቆምሽውን ኑሮ ዳኛ ፊት መልሰሽ ማፍረስ ላትፈልጊ ትችያለሽ። እንደዚያ ከሆነ አልጨቀጭቅሽም፤ ወረቀቶቹ ግን አንቺን ይጠብቃሉ።

አባባ አንድ ነገር ለመነኝ፤ እኔ ከሞትኩ በኋላ ንገራት አለ። እምቢ አልኩት። የሞተ ሰው አይጠየቅም፤ ስድብም አይሰማም። ልትሰድቢው ብትመጪ በሕይወት እያለ አግኚው ብዬ ነው የቸኮልኩት።

ደብዳቤውን እዚህ ድረስ ጽፌ ትናንት ከሰዓት አነበብኩለት። ሊያነብ ስለማይችል፣ ከጀርባው የጻፍኩት እንዳይመስለው። ራሱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማ። ስለ ስሙ ያለውን፣ ስለ እማማ የጻፍኩትን፣ ፀዳለ ያለችውን ሁሉ።

"ሳምንት አይደለም" አለ።

"ምኑ?"

"ብይዋን ከከተትኳት። ሳምንት ብዬህ ነበር። ጥር ላይ ነው የከተትኳት፣ አምስት ወር ሙሉ ነድቻታለሁ። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መሪውን ወደ ግራ እስብ ነበር፤ እጄ ለምዶት ነበር። ቁልፉን ስሰጣት ይህን ልንገራት አላልኩም። ጻፈው።"

ጻፍኩት፣ እነሆ። ከዚያ እስክሪብቶውን ስጠኝ አለና ወረቀቱን በጣቱ ዳበሰ። ከእኔ ስም ሥር ያለው፣ መስመሩን ስቶ ወደ ታች የወረደው ፊርማ የእሱ ነው። ይቅርታ ጠይቅልኝ አላለኝም፤ እኔም ያላለውን አልጻፍኩለትም።

ወንድምሽ
በዕውቀቱ በድሉ
ልደታ፣ አዲስ አበባ